ከባድ ነገር አታንሺ፦ በጣና ዙሪያ ሕመምና የሴቶች የዕለት ሥራ

ማሕፀኗ ወርዶባት ባሕር ዳር ድረስ መጥታ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት የገጠር ሴት ከሆስፒታል ስትወጣ ከመድኃኒቷ ጋር አንድ ምክር ይሰጣታል፦ ቢያንስ ለ6 ሳምንት፣ ከተቻለም ለ3 ወር ከባድ ነገር እንዳታነሺ። ምክሩ ትክክል ነው። የተሰፋው አካል እስኪጠና ድረስ ሆድን የሚያስጨንቅ ሸክም ሁሉ የተሠራውን ሊያፈርሰው ይችላል። ችግሩ ያለው የምትመለስበት ቤት ውስጥ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ወደ ወፍጮ ቤት የሚሄደው እህል፣ እንጨቱ፣ የሊጡ ቡሃቃ፣ ጀርባ ላይ የሚታዘለው ሕፃን፣ የጠላው ጋን፣ ሁሉም ከባድ ነገር ነው። ቤት ውስጥ ሌላ የሚያነሣ ሰው ከሌለ ምክሩ የሚጸናው እስከ መናኸሪያው ድረስ ብቻ ነው።

ስለ እናቶች ጤና ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ሞት ነው። በዚያ በኩል አገሪቱ ብዙ መንገድ ተጉዛለች። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 የነበረው የእናቶች ሞት በ2016 ወደ 412 ወርዷል። ይህ ቀላል ድል አይደለም። ነገር ግን ከሞት የተረፈችው ሴት በምን ዓይነት አካል እየሠራች እንደምትኖር የሚነግረን ቁጥር የለንም ማለት ይቻላል። በአካባቢያችን ሕመም የሴትን ሥራ አያስቀረውም። ወይ እያመማት ትሠራዋለች፣ ወይ ወደ ልጇ ያልፋል። አልጋ ላይ ያልወደቀች ሴት ደግሞ ጤነኛ ተብላ ትታለፋለች።

አለካካችንም ለዚህ አያግዝም። የሰዎችን የአካል ጉዳት ለመለየት በብዙ አገሮች የሚጠየቁ የታወቁ 6 ጥያቄዎች አሉ፦ ማየት፣ መስማት፣ መራመድና ደረጃ መውጣት፣ ማስታወስ፣ ራስን ማጠብና መልበስ፣ መግባባት ያስቸግርሻል ወይ? ጠቃሚ ጥያቄዎች ናቸው። ማሕፀኗ የወረደባት ሴት ግን ታያለች፣ ትሰማለች፣ ትራመዳለች፣ ትለብሳለች፤ ለስድስቱም «አያስቸግረኝም» ብላ ልታልፍ ትችላለች። ጀሪካን ከምንጭ አንሥቶ ጀርባ ላይ ማድረግ፣ ዱካ ላይ ተቀምጦ ለሁለት ሰዓት እንጀራ መጋገር፣ ጎንበስ ብሎ ማረም፣ ቅዳሴ ቆሞ ማስቀደስ፣ ለቅሶ መድረስ ይቻላት እንደሆነ የሚጠይቃት የለም። ለቅሶ መድረስን እንዲሁ አልጠቀስኩትም። ለቅሶ ያልደረሰች ሴት በራሷ ሐዘን ጊዜ ማን እንደሚመጣላት ታውቃለች። ደም የሚፈሳት ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፣ ከጽዋ ማኅበሯም ትርቃለች። ለወራት የዘለቀ የማሕፀን ደም መፍሰስ እንግዲህ በጤና ጣቢያ መዝገብ አንድ መስመር ነው፤ ለእርሷ ግን ከሰው መለየት ነው።

የጣና ዙሪያ በጤናም ቢሆን አንድ አገር አይደለም። የፎገራና የደምቢያ ሜዳ፣ የሐይቁ ዳርቻና ደሴቶቹ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ዳባት የሚወጣው ደጋ፣ ባሕር ዳር ከተማ ራሷ፣ እያንዳንዱ ሴቶችን በየራሱ መንገድ ያደክማል። የክልል አማካይ ይህን ይውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ደም ማነስ የተገኘባቸው በሶማሌ ክልል 60 በመቶ ገደማ ሲሆኑ በአማራ ክልል 17 በመቶ ነበሩ። ለእኛ ክልል መልካም ዜና ነው፣ ጤፋችንም የራሱ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም። ነገር ግን ይህ 17 የወባውን ሜዳና ብርዳሙን ተራራ አንድ ላይ ደምሮ የተገኘ ነው።

ከደጋው ልጀምር፤ ዝምታው የበረታው እዚያ ነውና። በተራዘመ ምጥ የሚመጣውንና ሽንትን መቆጣጠር የሚያሳጣውን ፊስቱላን ዛሬ ብዙ ሰው ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታሉን የመሠረቱት ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን የጀመሩት ሥራ በ2005 ባሕር ዳር ላይ ማዕከል ከፍቷል። ሽንቷን መቆጣጠር ያቃታት ሴት መዳን እንደምትችል የሚነግራት ሰው በየቀበሌው አለ ማለት ይቻላል። የማሕፀን መውረድ ግን እንዲህ አልታወቀም። ፊስቱላን መደበቅ ይከብዳል፤ የወረደ ማሕፀንን ግን ለ10 እና ለ20 ዓመት መደበቅ ይቻላል። ሴትዮዋ ጠዋት በእጇ ትመልሰዋለች፣ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ታስራለች፣ ሥራዋን ትጀምራለች። ሲጠይቋት «ወገቤን ነው» ትላለች። ወገብ የማያመው ሰው ስለሌለ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

ዳባት ውስጥ የተደረገ ጥናት ሁለት ነገር አሳይቷል። ችግሩ አለብኝ ብለው ከተናገሩት ይልቅ በምርመራ የተገኘባቸው ሴቶች በብዙ እጥፍ ይበልጡ ነበር። ከችግሩ ጋር ተያይዘው የተገኙት ደግሞ የተራዘመ ምጥ፣ በቀን ለረጅም ሰዓት ከባድ ነገር መሸከምና ደጋ መኖር ናቸው። ይህን ያነበበ ሰው የሁለት ትውልድ ታሪክ አብሮ ማየቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ25 እስከ 49 ዓመት የነበሩ የአማራ ክልል ሴቶች እኩሌታዎቹ 16 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ወይም ከዚያ በፊት ተድረዋል። አካል ሳይጠና ተወልዷል፣ ደጋግሞ ተወልዷል፣ በወሊድ ማግስትም ዳገት ላይ ጀሪካን ተሸክሟል። ማሕፀንን የሚደግፉት ጡንቻዎችና ጅማቶች በምጥ ይለጠጣሉ፤ ለመሰብሰብ ሳምንታት ያስፈልጋቸዋል፤ በእነዚያ ሳምንታት የሚነሣ ሸክም ሁሉ ወደ ታች ይገፋቸዋል።

ይህ የሚያስቆጨኝ ባህላችን ለዚህ መልስ ስላለው ነው። አራስ ቤት የምትባለው ነገር እኮ ሥራ የተከለከለባት ቤት ናት። ወንድ ከሆነ እስከ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች እስከ 80 ቀን፣ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ እናቲቱ ገንፎ እየበላች ትጠበቃለች፤ እናቷ ወይም እህቷ ትመጣለች፣ ጎረቤት ውኃ ይቀዳላታል። ይህን የሠሩት አያቶቻችን የማሕፀን ጅማት ምን እንደሆነ አልተማሩም፣ ጊዜው ግን ሐኪሙ ከሚለው ብዙ አይርቅም። ሥርዓቱ የሚሸረሸረው ድህነት ባለበት፣ ዘመድ በራቀበትና ቤቱ በአንዲት ሴት እጅ በቆመበት ነው። እዚያ እናቲቱ ሁለት ሳምንት ሳይሞላት ትነሣለች። ደግሞም ይህ ርኅራኄ ለወሊድ ብቻ የተሰጠ ነው። በ45 ዓመቷ ማሕፀኗ የተሰፋላት ሴት አራስ አይደለችምና ገንፎም ውኃ ቀጂም አይመጣላትም። ለአጨዳ ደቦና ወንፈል የሚጠራ ቀዬ ለአንዲት ሴት የ6 ሳምንት ውኃ ለመቅዳት ያቅተዋል ብዬ አላምንም። ጠይቆት የሚያውቅ ስለሌለ ነው። የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ሲያዝ ባልና የቅርብ ጎረቤት አብረው ተጠርተው ማን ምን እንደሚሠራ ቢነገራቸው፣ ወጪው የአንድ ሰዓት ውይይት ነው።

ደጋው ሌላም ዕዳ አለበት፤ ትራኮማ የሚባለው ተላላፊ የዓይን በሽታ። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የዓይን ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት 62.6 በመቶ ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸው ነበር፤ ከአገሪቱ ከፍተኛው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በታደለው አዚትሮማይሲን የተባለ መድኃኒት፣ በፊት መታጠብና በመጸዳጃ ቤት ዘመቻ በብዙ ወረዳዎች ቀንሷል፤ በአንዳንዶቹ ግን ከዓመታት እደላ በኋላም አልወጣም። በሽታው በልጅነት ደጋግሞ ይይዛል፣ በጉልምስና ያሰናክላል። የዓይን ቆቡ ውስጠኛ ክፍል በጠባሳ ይሸበሸባል፣ ቆቡ ወደ ውስጥ ይቀለበሳል፣ ሽፋሽፍቱ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ብሌኑን ይፍቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሴቶች በትራኮማ የመታወር አደጋቸው ከወንዶች እስከ 4 እጥፍ ይደርሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሽታው ያለው ሕፃናቱ ዓይን ላይ ነው፤ ሕፃናቱን የምታቅፈው፣ ዓይናቸውን በነጠላዋ ጫፍ የምትጠርገው እርሷ ናት።

ዕውርነት የመጨረሻው ደረጃ ነው፤ ሥራ የሚታጎለው ግን ከዚያ ብዙ ዓመት በፊት ነው። በአማራ ክልል የዓይን ፀጉር የተቀለበሰባቸውን ሰዎች ከአካባቢያቸው ጤነኛ ሰዎች ጋር ያነጻጸረ ጥናት፣ ገና በደንብ የሚያዩት ታማሚዎች ሳይቀሩ ኑሯቸው ከጤነኞቹ በግልጽ ዝቅ ብሎ እንደተጎዳ አሳይቷል። የእይታ ሰሌዳው ላይ ያሉትን ፊደላት የምትለይ ሴት በሕክምና ቋንቋ ደኅና ናት። እርሷ ግን ፀሐይ ዓይኗን ስለሚወጋት እርሻ ላይ መቆም አትችልም፤ ጥላ ፍለጋ ማጀት ስትገባ ደግሞ ጭሱ ይጠብቃታል። እንጀራ መጋገር፣ አሻሮ መቁላት፣ ወጥ መሥራት ሁሉ እሳት ፊት ነው። በየጥቂት ቀኑ ልጇ በወረንጦ ፀጉሩን ትነቅልላታለች፣ አጥሮ ሲበቅልም ይብስ ይወጋል።

ቀዶ ሕክምናው ግማሽ ሰዓት እንኳ የማይፈጅ ነው፤ በጤና ጣቢያ ይሠራል፤ በአብዛኛው ነጻ ነው። ታዲያ ለምን አይመጡም? በክልላችን ይህንኑ ለማወቅ በተደረገ ጥናት ከተነገሩት ምክንያቶች አንዱ ሥራ ስለሚበዛብን የሚል ነበር። ዓይኗ ታስሮ የምትውለው አንድ ቀን ነው፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ከጭስና ከአቧራ መራቅ ያለባት ግን ከዚያ ይረዝማል። እነዚያን ቀናት ማን ይጋግራል? ሥራ እንዳትሠራ ያደረጋት ሕመም ነው፣ ሕመሙን እንዳትታከም የሚያደርጋት ሥራው ነው። በዚህ አዙሪት ውስጥ ያለችን ሴት ግንዛቤ የላትም ብሎ ማስተማር ብቻ ስድብ ይመስለኛል።

ወደ ሜዳው ስንወርድ ጠላቱ ወባ ነው። ፎገራ በሩዝ ከታወቀ ወዲህ ሴቶች በክረምት ለወራት ጭቃና ውኃ ውስጥ ጎንበስ ብለው ያርማሉ። ወባው የሚበረታው ደግሞ ዝናቡ ቆሞ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ልክ አጨዳና ውቂያ ሲደርስ ነው። በአገር ደረጃ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ ታምመው ከ1,100 በላይ መሞታቸውን የዓለም ጤና ድርጅት ዘግቧል። ቤት ውስጥ ወባ ሲገባ የሴትዮዋ ሥራ በሁለት መንገድ ይጨምራል። ባል ቢታመም ታስታምማለች፣ እርሱ የሚሠራውንም ትሸፍናለች። እርሷ ብትታመም የወባ መድኃኒቷን ኮአርተምን ውጣ፣ ብርዱ ሲለቃት ተነሥታ ታቦካለች።

ነፍሰ ጡር ስትሆን ነገሩ ይከፋል። በአገራችን ከወባው አንድ ሦስተኛ ገደማውን የሚያመጣው ቫይቫክስ የተባለው ዝርያ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይመለሳል። የተደበቀውን የሚያጸዳው ፕሪማኪን ነው፤ ፕሪማኪን ግን ለነፍሰ ጡርና ገና የተወለደ ሕፃን ለምታጠባ እናት አይሰጥም። ስለዚህ ባሏ በ14 ቀን መድኃኒት የሚገላገለውን ወባ እርሷ ደጋግማ ትታመመዋለች፤ እርግዝናውና ጡት ማጥባቱ አልፎ መድኃኒቱን እንድትወስድ ካልተጠራች ደግሞ ቀጣዩ እርግዝና ይደርሳል። በየጊዜው ደሟ ያንሳል። «አቅም አነሰኝ» የሚለው የሜዳው ሴቶች አቤቱታ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

በሐይቁ ዳርቻ፣ በባሕር ዳር ዙሪያ፣ በዘጌና በጎርጎራ ቢልሃርዚያ የሚባል የትል በሽታ አለ። እዚህ ያለው የአንጀትና የጉበት ዓይነት ሲሆን በቀንድ አውጣ በኩል አልፎ ውኃ ውስጥ በቆመ ሰው ቆዳ ይገባል። ውኃ ውስጥ ቆሞ የሚውለው ማነው? ዓሣ አጥማጁ፣ የሚዋኘው ልጅ፣ ከዚያም ልብስ የምታጥበውና ውኃ የምትቀዳው ሴት፣ እንዲሁም ደንገል የሚያጭዱትና ታንኳ የሚሠሩት፣ በሐይቁ ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ቤተሰቦች። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ርካሽ ነው፣ እደላው ግን ለብዙ ዓመታት ያነጣጠረው በትምህርት ቤት ዕድሜ ባሉ ልጆች ላይ ነበር። እናትየው በዚህ ስሌት ውስጥ የለችም፤ ከትምህርት ቤት የቀረችው ልጅም ልታመልጥ ትችላለች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ሥርጭቱ 10 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነባቸው አካባቢዎች ከ2 ዓመት ሕፃን ጀምሮ አዋቂዎችም፣ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ ነፍሰ ጡሮችም ጭምር እንዲወስዱ መክሯል። ሆዷ እየተነፋ፣ ደሟ እያነሰ ጨጓራ ነው ተብላ ለዓመታት የኖረች የዳርቻ ሴት የምትፈልገው ይህን ነው።

ከተማዋ ለብቻዋ ጽሑፍ ያስፈልጋታል። ጉሊት ተቀምጣ የምትውለው፣ ጠላ ጠምቃ የምትሸጠው፣ በቀን ሥራ አሸዋና ብሎኬት የምትሸከመው የባሕር ዳር ሴት ሆስፒታሉ አጠገቧ ነው፤ የማትደርስበት ምክንያት ርቀት ሳይሆን የቀን ገቢዋ ነው። ደም ግፊትና ስኳር ደግሞ ሳያሳምሙ ስለሚቆዩ ለቀን ሠራተኛ ሴት የመጨረሻ ተራ ላይ ናቸው።

በዚህ ሁሉ መሃል የቤቱን ሸክም የምትረከበው ሴት ልጅ ናት። እናት ስትታመም ውኃው ከመቅረት ይልቅ ትምህርቱ ይቀራል። እናቲቱ ለመውለድ ጤና ጣቢያው አጠገብ ባለው የእናቶች ማቆያ ሁለት ሳምንት ብትቆይ፣ በተለይ ከደቅ ደሴት የሰዓታት የጀልባ ጉዞ ያለባት ከሆነች፣ ሕይወቷን ሊያተርፍ ይችላል፤ ቤት የሚቀረው ሥራ ግን የ12 ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ይወድቃል። የማሕበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑም እንዲሁ ነው። ፎገራና ደቡብ አቸፈር እ.ኤ.አ. በ2011 መድኑ ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች መካከል ነበሩ፤ ለብዙ ቤተሰብም ከዕዳ መዳኛ ሆኗል። የሚከፍለው ግን ለሕክምናው ነው። የባጃጁን፣ የጀልባውን፣ የጠፋውን የገበያ ቀን አይከፍልም።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ይህን ሁሉ አክብዶታል። መንገድ ሲዘጋ ድንገተኛ ምጥ የያዛት እንኳ የምትደርስበት ሲያጣ፣ «ሊቆይ ይችላል» የሚባለው የማሕፀን መውረድና የዓይን ፀጉር የት ተራ ያገኛል? መቆየት የሚችለው በሞት መዝገብ ሲታይ ብቻ ነው። ቀጠሮዋ ያለፈባት ሴት በዚያ ሁሉ ወር ስትጋግርና ስትሸከም ነበር።

ስለዚህ መንገዱ እስኪከፈት መጠበቅ የማያስፈልጋቸውን ነገሮች መለየት ይገባል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የቤተሰብ ፎልደሩን፣ ማለት የየቤቱን የጤና መዝገብ፣ ስትሞላ «ምን ያምሻል?» ከማለት አልፋ «ካለፈው ዓመት ወዲህ መሥራት ያቃተሽ ምንድን ነው?» ብላ ብትጠይቅ፣ ለወገብ ሕመም ተብሎ የሚታለፈው ግማሹ እዚያው ይገለጣል። ለማሕፀን መውረድ ፔሳሪ የሚባል የሲሊኮን ቀለበት አለ፤ የሠለጠነች አዋላጅ ነርስ ልክ መርጣ ታስገባዋለች፣ ሴትዮዋ ቀዶ ሕክምና እስክታገኝ ወይም ያለ ቀዶ ሕክምናም ሥራዋን ትሠራለች። የዓይን ፀጉር ቀዶ ሕክምና ዘመቻ ከውቂያ በኋላ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ቢደረግ በሰኔ ከሚጠራው ይልቅ ብዙ ሴት ይመጣል። ፕራዚኳንቴል በትምህርት ቤት ሲታደል በዚያው ሳምንት የውኃ መቅጃው ዳርቻ ላይ ለእናቶች ሊታደል ይችላል። እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት በቀበሌና በጤና ጣቢያ ነው። ከባሕር ዳር የሚፈልጉት ዕቃው ተልኮ መድረሱን ብቻ ነው።